የጋሽ ደምሴ እንቅልፍ

የድሮ የሥራ ጓደኛዬ መንግሥቱ ከአገር ቤት ደውሎ «ጋሽ ደምሴ አረፈ» ሲለኝ ሀርጌሳ ዋሄን ገበያ ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ምን ነካው አልኩት። ማታ ደኅና አምሽቶ ተኛ፣ ጠዋት አልተነሣም፣ ምንም ሳይሰቃይ በእንቅልፉ ሄደ አለኝ። ይህን ብሎ አለቀሰ። ወሬው ሀርጌሳ ያለነውን ሐበሾች ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲያ ያገኘኝ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ያለ ደግ ሞት ነው፣ ለስንቱ ይሰጣል፣ እንደተኙ መሄድ መታደል ነው።

እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰዎቹ የሚሉት ለማፅናናት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የጋሽ ደምሴን እንቅልፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ አንዲት ሴት ብቻ ናት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። በዚያ እንቅልፍ ውስጥ ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ ለሳኝ ነበር። የራያ ሰው ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ የተጠጋ፣ ቁመቱ አጠር፣ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ከመወፈሩ የተነሣ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ አያውቅም። እኔ ብሎኬት እደረድራለሁ፣ እሱ ከኋላዬ እየመጣ ይለስናል። የደረደርኩት ጠመም ብሎ ሲያገኘው አይጮህብኝም፤ እዚያ ጋ ልስኑን ወፈር ያደርግና «አንተ አጣም፣ እኔ እዋሽልሃለሁ» ይለኛል። በተዋወቅን ቀን አንቱ ስለው ተቆጣ። አንቱ የሚባል ሰው መሰላል ላይ አይወጣም አለኝ። በዚያው አንተ እንዳልኩት ቀረሁ።

የሀርጌሳን አየር የለመደ ያውቀዋል፤ ደረቅ ነው፣ ሲሚንቶውን ገና ሳይዝ ይመጠዋል። ብዙ ለሳኝ ለጥፎ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ግድግዳው እንደ ክረምት መሬት ይሰነጣጠቃል። ጋሽ ደምሴ ግን ከመለሰኑ በፊት ግድግዳውን በቆርቆሮ ውሃ ደጋግሞ ያጠጣው ነበር። ሳታጠጣው ከለሰንከው ይከዳሃል ይላል። አንድ ጊዜ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ከከተማዋ የድሮ ጦርነት የተረፈ፣ ጥይት የበሳሳው ቤት ስናድስ የባለቤቱ እናት መጡና አንዷን ቀዳዳ ተዋት አሉት። ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም። ዙሪያዋን ክብ አድርጎ፣ የጀበና አፍ አስመስሎ ለሰናትና ቀዳዳዋን እንዳለች ተዋት። የእኔ አገር ሰዎችም ነገ ይህን ይሉ ይሆናል አለኝ ከመሰላል ሲወርድ።

የዚያን ጊዜ የእኛ አገር ጦርነት በርትቶ ነበር። ስምንት ሆነን ኮድቡር አንድ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከጎንደርም የመጣን፣ ሁላችንም በግንባታ ሥራ ያለን። የራያ ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። ጋሽ ደምሴ ለሚስቱ ለእትዬ ለምለም በየቀኑ ይደውላል፤ በየቀኑ ያቺው የማሽን ሴትዮ ናት የምትመልስለት። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም። በዚያ ላይ ራያ ስለሆነ አንዱም ሌላውም ይጠራጠረዋል። ወገንህ ወዲህ ነው ወዲያ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ። «ወገኔ ግድግዳ ነው» አለው። ሳቅን፤ መንግሥቱ ግን አልሳቀም።

መንግሥቱ የጎጃም ልጅ ነው፣ የእኔ እኩያ፣ ታናሽ ወንድሙ ግንባር ነበር። ከሥራ ስንገባ ስልኩን ጀሪካን ላይ አስደግፎ ዜና የሚከፍተው እሱ ነው። ሁላችን እንከብበዋለን። እኔ በበኩሌ መቀመጥ አልችልም፤ እቆማለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ ምን አለ እላለሁ። ማንም ደኅና እንቅልፍ አልነበረውም። እንቅልፍ ያለው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ጋሽ ደምሴ።

እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰላችሁ። ፓስታ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሊወስድ እጁን ያነሣና መንገድ ላይ ይቆማል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ጉዞ ከመጀመራችን ያንኮራፋል። እያወራ ቃሉ መሀል ላይ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማታም ከማናችንም ቀድሞ የሚተኛው እሱ ነው። ሲያንኮራፋ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ለሽንት ይወጣል፤ በሩ ሲጢጥ ይላል፣ ሰው ይራገማል። ጠዋት ራሱን በነጠላ ጥፍር አድርጎ አስሮ ይነሣል፤ ራስ ምታት ነው ይላል፣ አፌ እንጨት ሆነ እያለ ግማሽ ጆግ ውሃ ይጨልጣል። ይህን ሁሉ እያየን አንዱም ነገር ከሌላው ጋር አልተያያዘልንም። አንዱ ዱካክ ነው አለ። እኔ በልቶ ስለሚተኛ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ማታ ዜናው የእሱን አገር ከተማ ስም ጠራ። ውጊያ ውስጧ ገብቷል ተባለ። ሁላችንም ዞረን ጋሽ ደምሴን አየነው። ስልኩን እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

መንግሥቱ ዜናውን አጠፋው። «ሚስቱ እሳት ውስጥ እያለች የሚተኛ ሰው ልብ የለውም» አለ። መደበቅ አልፈልግም፣ እኔም በሆዴ እውነቱን ነው ብያለሁ። በማግሥቱ ተመካከርንና ማንኮራፋቱ ስላስቸገረን ግቢው ጥግ ያለው፣ ሲሚንቶ የሚከማችበት የዕቃ ክፍል ውስጥ ቢተኛ ይሻላል አልነው። ምክንያታችን ማንኮራፋቱ እንዳልነበር እሱም ያውቃል። ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸከመና ግድግዳ ካለው ይበቃኛል ብሎ ሄደ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ያንን ሳስብ እስከ ዛሬ የምገባበት ይጠፋኛል።

ነገሩን ያየሁት በቀትር ነው። ሀርጌሳ ቀትር ላይ ሥራ ይቆማል፤ ሠራተኛው ሰግዶ፣ በልቶ፣ ባልተጨረሰው ቤት ምድር ቤት ጥላ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ጋደም ይላል። እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔ አልከደን አለኝ። ጋሽ ደምሴ አጠገቤ በጀርባው ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ስነጫነጭ ማንኮራፋቱ ድንገት ቆመ። ተመስገን አልኩ። ቀጥሎ ግን ትንፋሽም የለም። ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም፤ አፍንጫውንና አፉን ሰው የያዘበት ይመስላል። ከንፈሩ ጠየመ። እኔ ተነሥቼ ልቀስቅሰው ወይስ ልጩህ እያልኩ ሳመነታ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ከውሃ እንደወጣ ሰው ስቦ ተነፈሰና ማንኮራፋቱን ቀጠለ። አልነቃም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ያው ደገመው።

ከጣሪያው ላይ የእኔ ቱምቢ፣ ያ የግድግዳ ቀጥታ የምለካበት ባለ ክር ብረት፣ ተንጠልጥሎ ነበር። ነፋስ ነክቶት ወዲያ ወዲህ ይላል። በእሱ መቁጠር ጀመርኩ። አንዴ አሥራ አራት፣ አንዴ አሥራ ዘጠኝ፣ አንዴ ሃያ ሁለት ጊዜ ቱምቢው ሲወዛወዝ ያ ሰው አልተነፈሰም። ሲነቃ ነገርኩት። ሳቀና ለምለምም እንዲህ ትለኛለች አለ። እሷ ዱካክ ነው ብላ ጠበል አስጠምቃኛለች አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ቀስ ብሎ የተናገረው ነው ያስደነገጠኝ፤ ለእሷ ልጸልይ ስቆም በቁሜ እተኛለሁ፣ መንግሥቱ ያለውን ሰምቻለሁ፣ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፣ ልቤ ሞቷል መሰለኝ አለ።

ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የውጪውን ግድግዳ ሲለስን፣ እኔ ከሥሩ ብሎኬት ስለካ፣ የልስን ማንካው ከላይ ወርዶ ጆሮዬ አጠገብ መሬት ላይ ተሰካ። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ መወጣጫው ጣውላ ላይ ቆሟል፤ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። ተኝቷል። ግድግዳው ባይኖር ኖሮ ሁለት ፎቅ ሙሉ ይወርድ ነበር። እንዳይደነግጥ ብዬ ሳልጣራ መሰላሉን ወጣሁና ቀበቶውን ያዝኩት። የግንባታው ኢንጂነር ከታች ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ምንድነው እሱ ብሎ ጮኸ። ማንካውን የጣልኩት እኔ ነኝ አልኩት። ውሸቱን የተማርኩት ከማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ይህ ሰው ወይ ከፎቅ ወድቆ ወይ ተኝቶ ይሞትብኛል የሚል ፍርሃት አልለቀቀኝም።

ሐኪም ቤት የወሰድነው እኔና ጀማል ነን። ጀማል የከሚሴ ሰው ነው፤ ዋሄን ሱሪ ይሸጣል፣ ሶማሊኛውን እንደ ተወላጅ ነው የሚናገረው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ደም ግፊቱን ለክቶ ፊቱን አጨማደደ፣ ጉሮሮውን በባትሪ አየ፣ አንገቱን በሜትር ለካው። እኛ ልብስ ሰፊ ዘንድ የመጣን መስሎን ተያየን። ከዚያ ይጠይቀው ጀመር፤ ታንኮራፋለህ፣ ጠዋት ራስህን ያምሃል፣ አፍህ ይደርቃል፣ ለሽንት ትነሣለህ፣ ቀን እንቅልፍ ይጥልሃል፣ ትረሳለህ፣ በትንሹ ትናደዳለህ። ጋሽ ደምሴ ከመጨረሻው በስተቀር ሁሉንም አዎ አለ። ሐኪሙ ይህን ሕመም ሕመምተኛው ራሱ አያየውም፣ ምስክሩ አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው አለና ማን ነው አጠገብህ የሚተኛው ብሎ ጠየቀ።

«ሃያ ኩንታል ሲሚንቶ» አለ ጋሽ ደምሴ።

ጀማል ሊተረጉም ጀመረና ሳቁ መጣበት። እኔ አልሳቅሁም። በቱምቢ የቆጠርኩትን ነገርኩት። ሐኪሙ መጻፉን አቆመና ወደ እኔ ዞረ። ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋል አለ፣ አየር ሲያጥር ጭንቅላቱ ያነቃዋል፣ እሱ ሳያውቀው በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይነቃል። አየር እየነፋ ጉሮሮውን የሚከፍት ማሽን እንዳለ፣ እዚህ ግን ማግኘቱም መግዛቱም ከባድ እንደሆነ ነገረን። የግፊት መድኃኒት አዘዘለት፤ ከፍታ ላይ እንዳይሠራ፣ ክብደት እንዲቀንስ፣ በጀርባው እንዳይተኛ፣ ብቻውንም እንዳያድር አለ። ስንወጣ ጀማል ሐኪሙ የመጨረሻ የተናገረውን ሳይተረጉም እንደቀረ አስታወሰና በሩ ላይ አቆመን።

«ይህ ሰው እንቅልፋም አይደለም ነው የሚለው። ከእናንተ ሁሉ ያልተኛው እሱ ነው።»

ጋሽ ደምሴ የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። የሞተ ልብ የለኝም ማለት ነው አለ፤ ይህንኑ ሁለቴ ተናገረው።

ቤት ገብቼ ለሁሉም አወራሁ። ሌሎቹ ከንፈር መጠጡ። መንግሥቱ ሐኪም የማይለው የለም ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ያን ሰሞን የወንድሙ ድምፅ ጠፍቶበት ስለነበር አልፈረድኩበትም፤ በሆዴ ግን ሰደብኩት። የራሴን ፍራሽ ተሸክሜ ዕቃ ክፍል ገባሁ። እንቅልፍ እንደሆን ድሮም የለኝ፣ ቢያንስ ለአንድ ነገር ይዋል አልኩ። ጋሽ ደምሴ በበኩሉ ሐኪሙ በጎንህ ተኛ ስላለው ከፍራሹ ጀርባ ትርፍ ብሎኬት ደርድሮ ስንዝር ተኩል የምትሆን ግድግዳ ሠራ። ጨርቅ አልብሶ ጀርባውን አስደግፎባት ይተኛል፤ መገልበጥ ቢፈልግ አታስገለብጠውም። «ወገኔ ግድግዳ ነው ብዬ አልነበር?» አለኝ። ግድግዳዋን አልፎ የተገለበጠ ቀን ትንፋሹ ሲቆም እኔ ትከሻውን እገፋለሁ፤ ይገለበጣል፣ ይተነፍሳል። ከፎቅ ወርዶ የውስጥ ክፍሎችን ብቻ እንዲለስን ኢንጂነሩን ጀማል ለመነልን። ጥቂት በጥቂት ዓይኑ ተከፈተ። ፓስታውን ሳይተኛ መጨረስ ጀመረ።

ከዚያ ሰላም ተፈረመ ተባለ። ስልኩ ግን ወዲያው አልመጣም። አንድ ቀን ከሥራ ገብተን እጃችንን ስንታጠብ ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዱ ደወለ፤ በዚህ ጊዜ ጠራ። ሁላችንም እጃችን ላይ ሳሙና እንዳለ ቆምን። ስልኩን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ ያደረገለት መንግሥቱ ነው።

«ደምሴ?» አሉ እትዬ ለምለም። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ የታመመ ሰው ድምፅ።

«አለሁ፣ ለምለም።»

እኛ የምንጠብቀውን እናውቃለን፤ ማን ሞተ፣ ምን ተዘረፈ፣ ምን ትበያለሽ፣ ብር በማን ልላክ። ስልኩ የተከፈተለት ሰው ሁሉ የሚያወራው ያንኑ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ማን ነው የሚያገላብጥህ?»

«ምን?» አለ።

«ስትተኛ ነዋ። ትንፋሽህ ሲጠፋ። እኔ እዚህ መድፉ ሲጮህ የማስበው እሱን ነበር። እኔ በክርኔ ጎሸም ሳደርግህ አይደል እንዴ የኖርከው? እዚያ ማን አለ አጠገብህ?»

ጋሽ ደምሴ ቀና ብሎ አንድ በአንድ አየን። መንግሥቱ ስልኩን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል።

«ሰው ሞልቷል፣ ለምለም» አለ ጋሽ ደምሴ። «ስምንት ነን። ሁሉም እየተፈራረቁ ያገላብጡኛል። አንድ ቀን ብቻዬን አልተዉኝም።»

እግዚአብሔር ይስጣቸው አሉ እትዬ ለምለም፣ ለእናቶቻቸው ያግባቸው። ስንት ጊዜ የእኔን ጠማማ ግድግዳ ሲሸፍን የኖረ ሰው ያን ቀን ሁላችንንም ለሰነን። መንግሥቱ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝና ወጣ። ሲመለስ ዕቃ ክፍሉ ገብቶ ብሎኬቶቹን በየተራ ተሸክሞ አመጣ፣ ከራሱ ፍራሽ አጠገብ ደረደራቸው፣ የጋሽ ደምሴን ፍራሽ አነጠፈ። ይቅርታ የሚል ቃል አልተናገረም። ግድግዳዋን ግን ጠማማ አድርጎ ሠርቷት ነበርና ጋሽ ደምሴ እያየ ሳቀበት፤ መንግሥቱም ሳቀ፣ እያለቀሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትከሻውን የሚገፋው መንግሥቱ ሆነ። እኔ ሥራዬን የተቀማሁ መሰለኝ።

መንገድ ሲከፈት ጋሽ ደምሴ ለመሄድ አንድ ቀን አላመነታም። ሥራው ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቆይ አልነው። እንቅልፌ ያለው እዚያ ነው ብሎ ተሳፈረ። በየበዓሉ ይደውልልን ነበር። እንዴት ነህ ስንለው ተኝቼ አድራለሁ ይላል፤ ከዚህ ሌላ የጤና ወሬ አያወራም።

መርዶውን በሰማሁ ማታ ለእትዬ ለምለም ደወልኩ። ማንነቴን ስነግራቸው ያ ከሲሚንቶው ጋር ያደረው ነህ አሉኝ። እሱ ኋላ ሁሉን ነግሯቸው ኖሯል። እግዚአብሔር ያፅናዎት አልኩ። እንደ ሌላው ሰው ደግ ሞት ነው አላልኳቸውም፣ እሳቸውም እንዲያ አላሉም። እህታቸው ሞታ ለቅሶ ሊደርሱ አንድ ሌሊት ብቻ ወጥተው እንደነበር፣ ሲወጡ ብሎኬት ደርድሮ እንደሚተኛ ምሎላቸው እንደነበር፣ ሲመለሱም በጀርባው ተኝቶ እንዳገኙት ነገሩኝ። እያለቀሱ አልነበረም። ድምፃቸው ደክሟል እንጂ የተረጋጋ ነበር።

እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ይተኛሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የት እተኛለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ክርኔ አሁንም ሌሊት ይነሣል።»